አረሙ ሳያብብ፤ ክርስቲያናዊ ጠባይን ስለ ማነጽ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



በቋንቋችን «ማረም» የሚለው ቃል በሦስት ስፍራ ሲያገለግል እናገኘዋለን። ገበሬው ከማሽላው መካከል ያልዘራውን ሲነቅል «አረመ» ይባላል። መምህሩ የተማሪውን ስሕተት ሲያቃና «አረመ» ይባላል። በደለኛም ተለውጦ ይወጣ ዘንድ የሚቆይበት ቤት «ማረሚያ ቤት» ተብሎ ይጠራል። እኛ የይፋት ቆላ ልጆች ሦስቱንም በአንድ ስፍራ እናያቸዋለን፤ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ የማሽላ ማሳ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ፣ አገር በስሙ የሚያውቀው ማረሚያ ቤትም አለ። ስለ ክርስቲያናዊ ጠባይ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ አስቀድሞ ወደ ልቡናዬ የመጣው ይህ ቃል ነው። ብዙዎቻችን መንፈሳዊ ጠባይ ለተመረጡ ሰዎች አንድ ቀን ከላይ የሚደረብ ካባ ይመስለናል። እርሱ ግን ከማሳ ጋር ይመሳሰላል፤ ዘሩ ከእግዚአብሔር ነው፣ ዝናሙም ከእግዚአብሔር ነው፣ እርማቱ ግን የእኛን እጅ ይጠይቃል። ያልታረመ ማሳ ደግሞ ባዶ ሆኖ አይቆይም።

ባሕርይና ጠባይ

ሰው ሲቆጣ፣ ሲሳደብ ወይም ሲዋሽ ቆይቶ «ምን ላድርግ፣ ባሕርዬ ነው» ሲል እንሰማለን። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን ከቅድስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጋር አይስማማም። ባሕርያችን እግዚአብሔር ሲፈጥረን የሰጠን ነው፤ በአርአያውና በምሳሌው የተፈጠረ ስለ ሆነም መልካም ነው (ዘፍ. 1፥26-31)። ሐሰት፣ ምቀኝነት፣ ቂምና ስስት ኋላ የገቡ ናቸው። ጌታችን ስለ ስንዴውና ስለ እንክርዳዱ በተናገረው ምሳሌ የእርሻው ባለቤት የዘራው መልካም ዘር ብቻ ነበር፤ እንክርዳዱን ሰዎች ተኝተው ሳሉ ጠላት መጥቶ ዘራው (ማቴ. 13፥24-30)። ምሳሌውን ወደ ገዛ ልባችን አምጥተን ብንመለከተው፣ «ባሕርዬ ነው» የሚል ሰው እንክርዳዱን የባለቤቱ ዘር ነው ማለቱ ነው።

ጠባይ ግን በልማድ የሚጸና ነው። ከብት በየዕለቱ ወደ ወንዝ የሚወርድበት ስፍራ ማንም ሳይቆፍረው መንገድ እንደሚሆን፣ ደጋግመን የምንናገረው ቃልና ደጋግመን የምናደርገው ሥራ በልባችን ላይ መንገድ ያወጣል። ኋላም ሳናስብ በዚያ መንገድ እንሄዳለን። ይህ ነገር የሚያስፈራም የሚያጽናናም ነው። ክፉው መንገድ በመደጋገም እንደ ወጣ፣ መልካሙም በመደጋገም ይወጣልና። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ በእምነት ላይ በጎነትን፣ በበጎነት ላይ ዕውቀትን፣ ከዚያም ራስን መግዛትን፣ መጽናትን፣ እግዚአብሔርን መምሰልን፣ የወንድማማች መዋደድንና ፍቅርን እየጨመርን እንድንሄድ ያስተማረን ለዚህ ነው (2ጴጥ. 1፥5-7)። መሰላል አንድ በአንድ ይወጣል እንጂ አይዘለልም።

ታዲያ ሰው በገዛ ጥረቱ ብቻ ይጸድቃልን? አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ፍቅርን፣ ደስታን፣ ሰላምን፣ ትዕግሥትንና የቀሩትን በጎ ጠባያት የመንፈስ ፍሬ ብሎ ጠርቷቸዋል (ገላ. 5፥22-23)። ፍሬ በገበሬው ድካም ብቻ አይመጣም፤ ያለ ገበሬው ድካምም አይመጣም። በይፋት ክረምቱ የቀረበትን ዓመት ያየ ገበሬ የመጀመሪያውን ያውቃል። ዝናሙ ጥሩ ሆኖለት ሳለ ማሳውን ሳያርም የቀረው ጎረቤቱ ደግሞ ሁለተኛውን ያውቃል።

ሥር ውስጥ ያለው አረም

በቆላችን ማሽላ የሚዘራ ሰው ሁሉ አቀንጭራን ያውቃል። አበባው ለዓይን የሚያምር አረም ነው። ሌላው አረም ከሰብሉ ጎን ቆሞ መሬትና ብርሃን ይሻማል፤ የአቀንጭራ ክፋት ግን ከዚያ ይከፋል። ዘሩ ከትቢያ የማይለይ ደቃቅ ሲሆን ከአንዲት ተክል የሚረግፈው በአሥር ሺዎች ይቆጠራል። በአፈር ውስጥም ከ10 ዓመት በላይ ሳይሞት ሊተኛ ይችላል። የሚነቃው የማሽላው ሥር ሲቀርበውና ከሥሩ የሚወጣውን ንጥረ ነገር ሲያገኝ ነው። ያን ጊዜ ከማሽላው ሥር ጋር ተጣብቆ ለማሽላው የተዘጋጀውን ውኃና ምግብ ይመጣል። ከምድር በላይ ብቅ ሳይል ሳምንታትን በስውር ሲጠባ ይቆያል።

በአንድ የፍልሰታ ጾም ወራት ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት በመጣሁ ጊዜ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ወጣቶች ጋር ሆነን የአንዲት አቅመ ደካማ እናት ማሽላ ልናርም ወጥተን ነበር። ከእኛ ጋር የነበሩ አንድ ሽማግሌ ገበሬ የጠወለገ አገዳ ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅለው አሳዩን። ሁለቱ ሥሮች ተጣብቀው የማሽላው የቱ፣ የአቀንጭራው የቱ እንደ ሆነ መለየት ያስቸግር ነበር።

«አበባውን አትዩ ልጆቼ» አሉን፤ «አበባውን ያየ ሰው ዘግይቷል። ነገሩ ያለቀው ከታች ነው።»

«ታዲያ ምን ይሻላል አባቴ?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ለዛሬ ዘር እንዳይጥል መንቀል ነው። ለከርሞ ግን መሬቱን ማብላት ነው። አቀንጭራ የተራበ መሬት ይወዳል።»

ውድ አንባብያን፣ ቂም እንዲሁ ነው። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በቡና ላይ የተነገረ አንድ ወሬ፣ በስልክ የመጣ አንድ ምስል ሊሆን ይችላል። ዓመታትን ተኝቶ ይኖራል፤ አንድ ስም ሲጠራ ወይም አንድ ስፍራ ሲነሣ ይነቃል። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ የሚመገበው ከመልካሙ ነገራችን መሆኑ ነው። ለወገን ካለን ፍቅር ይጠባል፣ ከፍትሕ ጥማታችን ይጠባል፣ ለቤተ ክርስቲያን ካለን ቅናትም ሳይቀር ይጠባል። ስለዚህ ባለቤቱ አረም መሆኑን አያውቅም፤ የፍቅሩና የሃይማኖቱ ሥር ይመስለዋል። አበባው በቃልና በእጅ በታየ ጊዜ ግን ውስጡ ደርቋል።

ይህን ለይፋት ሰው በጥቅሉ ተናግሮ ማለፍ አይገባም። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ ወራት በአጣዬና በዙሪያዋ ሰዎች ሞተዋል፣ ቤቶች ተቃጥለዋል፣ ብዙዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ወር ደግሞ ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ዘልቆ ነበር። በዚያ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ ከእኛ ጋር መዝሙር የሚያጠኑ ወጣቶች ናቸው። ስለ ጠላት ፍቅር የሚያስተምረው የወንጌል ክፍል ሲደርስ የመማሪያ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ከመካከላቸው አንዱ «ዲያቆን፣ ይቅር ብል የሞቱብኝን እንደ መካድ አይቆጠርብኝም?» ብሎ ጠየቀኝ።

ይህ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም፤ በችኮላ የሚመለስም አይደለም። መልሱን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ስንፈልግ ግን ሁለት ነገሮችን ለይተን እናገኛለን፤ ፍትሕንና ቂምን። በደሉን በደል ነው ማለት፣ እውነቱ እንዲታወቅና ጥፋተኛው በሕግ እንዲጠየቅ መሻት ኃጢአት አይደለም። ይቅርታም በደሉ አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ሐዋርያው በቀልን ለእግዚአብሔር እንድንተውና ክፉውን በመልካም እንድናሸንፈው ሲያስተምረን (ሮሜ 12፥19-21) ክፉውን ክፉ ብሎ ጠርቶታል። ቂም ግን በደለኛውን አይፈልግም። በደለኛውን ሲያጣ ቋንቋውን የሚናገረውን፣ መልኩ የሚመስለውን፣ በገበያ መንገድ ላይ ያገኘውን ንጹሕ ሰው ይፈልጋል። ፍትሕ ሰውን በሥራው ይለያል፤ ቂም ግን ሁሉን አንድ አድርጎ ያያል። ለሞቱብንም ቢሆን ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያቸውን ሰጥታናለች፤ ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ተዝካሩ፣ በቅዳሴ ጊዜ ስማቸውን ማንሣቱ አለ። ሙታንን የሚያስባቸው ጸሎት ነው። ቂም መታሰቢያ ሊሆናቸው አይችልም፤ የሚሠራው የሕያዋኑን ሥር መምጠጥ ነውና።

መጀመሪያው ማዕርግ

እርማቱ ከየት ይጀመር? አባቶቻችን በመጻሕፍተ መነኮሳት ትርጓሜ የቅድስናን ጉዞ በሦስት ከፍለው ያስተምራሉ፤ ንጽሐ ሥጋ፣ ንጽሐ ነፍስና ንጽሐ ልቡና። በእነዚህ ውስጥ ዐሥር ማዕርጋት አሉ። በመጀመሪያው ክፍል የሚገኙት ሦስቱ ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ ናቸው። ጽማዌ ዝምታ ነው፤ ከማይረባ ነገር አንደበትን መግታት ነው። ልባዌ ማስተዋል ነው፤ የሚነበበውንና የሚጸለየውን በልብ መያዝ ነው። ጣዕመ ዝማሬ ደግሞ የምስጋናው ምሥጢርና ጣዕም በነፍስ መታወቁ ነው።

ቅደም ተከተሉን አስተውሉት። የዝማሬው ጣዕም የሚገኘው ከዝምታና ከማስተዋል በኋላ ነው። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ግን አብዛኛውን ጊዜ የምንጀምረው ከመዝሙሩ ነው። ይህ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ሕፃን ወደ ቤተ ክርስቲያን በዜማ ይሳባል። ነገር ግን ዐሥር ዓመት ዘምረን ዝምታን ካልተማርን፣ መዝሙሩ ከከንፈር ሳያልፍ ይቀራል። ነጭ ለብሶ በጉባኤ የሚዘምር፣ ወደ ቤቱ ሲገባ ግን በታናሽ እኅቱ ላይ የሚጮኽ ወጣት ዜማው አልጎደለውም፤ የጎደለው የመጀመሪያው ማዕርግ ነው።

ማዕርጋቱ በመነኮሳት መጻሕፍት ስለሚነገሩ የገዳም ብቻ እንዳይመስሉን። የገበያና የግቢ ሰውም ጽማዌ ያስፈልገዋል፤ ይልቁንም የዛሬ ወጣት አንደበቱ በጣቱ ጫፍ ነው። በስልካችን በሚመጣ ክርክር ውስጥ ገብተን ስለ ሃይማኖት እየተከራከርን ወንድማችንን ስንሰድብ፣ ሃይማኖቱን አልጠበቅንለትም። ለመስማት የፈጠንን፣ ለመናገርና ለቁጣ የዘገየን እንድንሆን ቅዱስ ያዕቆብ ያዘዘው (ያዕ. 1፥19) ጣት ለሚጽፈውም ቃል ነው። ያልተጻፈ የስድብ ቃል በምድር ማንም አያመሰግንበትም፤ እግዚአብሔር ግን ያየዋል። ጠባይ የሚታነጸውም ሰው በማያያቸው እንዲህ ባሉ ትንንሽ እንቢታዎች ነው።

ጾምም ለዚህ የተሰጠን ትምህርት ቤት ነው። ቅዱስ ያሬድ በጾመ ድጓው ከምግብ መከልከል ብቻ ሳይሆን ዓይንም፣ ጆሮም፣ አንደበትም ሊጾሙ እንደሚገባ ያስተምራል። በቆላ በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ መዋል ምን እንደ ሆነ የሮቢት ሰው ይነግራችኋል። በጥም ላይ «ቆይ» ማለት የቻለ ሰው በቁጣው ላይም «ቆይ» ለማለት ኃይል እያገኘ ነው። አንዱን በአንዱ ካልተለማመድንበት ግን ጾሙ የምግብ ሰዓት ማሸጋገር ብቻ ሆኖ ያልፋል።

ጠባይ የሚታይበት ስፍራ

ከደብረ ብርሃን ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር ተነሥቶ፣ በደብረ ሲና በኩል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ቆላ በጥቂት ጊዜ ይደርሳል። በላይ ሲንቀጠቀጥ የነበረው ሰው በታች ካፖርቱን ያወልቃል። በብርዱ አገር ካፖርቱ ከስሩ ያለውን ልብስ ሸፍኖት ነበር፤ በሙቀቱ ግን እድፉም ቅዳዱም ይታያል። ፈተናም ለጠባያችን እንዲሁ ነው። በጉባኤ መካከል፣ በምስጋናና በዕልልታ ሁላችንም ትሑታን ነን። ሐዋርያው መከራ ትዕግሥትን፣ ትዕግሥትም የተፈተነ ጠባይን፣ እርሱም ተስፋን እንደሚያስገኝ ያስተማረን (ሮሜ 5፥3-4) ፈተናው ያለንን ገልጦ ስለሚያሳየንና ስለሚያጸናን ነው።

የሮቢን ወንዝ ውኃ በቦይ እየጠለፈ ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬ ፈተናው በሌሊት ይመጣል። ውኃው በተራ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር የውኃ አባት አለ። ነገር ግን በመንፈቀ ሌሊት የውኃ አባቱም ተኝቷል፣ የባለ ተራው ዓይንም ከብዷል። በቦዩ አፍ ላይ ያለችውን አንዲት ጓል አፈር በእግር ገፋ ማድረግ ብቻ በቂ ነው፤ ውኃው ወደ ራስ ማሳ ይመለሳል። ጧት ማንም አያውቅም፤ የሚያውቀው የጎረቤት ሽንኩርት ብቻ ነው። ያ ጎረቤት ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ አርጎባ ይሁን አማራ ወይም ኦሮሞ፣ ጓሏን ያልገፋ እግር በእግዚአብሔር ዘንድ የታወቀ ነው። በጥቂቱ የታመነ በብዙውም የታመነ መሆኑን (ሉቃ. 16፥10) ከዚህች ጓል አፈር በላይ የሚያስረዳ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ከሮቢት ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን ሰንበቴንም እንመልከት። ገበያዋ እሑድ ይቆማል፤ ከደጋ የወረደውና ከቆላ የመጣው፣ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አፋሩ ይገናኙበታል። ጧት ቅዳሴ አስቀድሶ ከሰዓት ወደዚያ የሚሄድ ክርስቲያን አለ። መስፈሪያውን ሲይዝ የጧቱ ቅዳሴ በእጁ ላይ ነው። አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ መጽሐፍ ይናገራልና (ምሳ. 11፥1)። ወንጌልን አንብቦ የማያውቅ ሸማች ከእኛ የሚያነበው ወንጌል ያ መስፈሪያ ነው።

አሸዋ የሞላ ከረጢት

ከዚህ በኋላ ከእናንተ መካከል «ለእኔ ረፍዷል፤ የእኔ ማሳ ሁሉ አረም ነው» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ ላለው ወንድም ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሙሴ ጸሊምን ታሳየዋለች። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብፅ የኖረ፣ አስቀድሞ ወንበዴና የወንበዴዎች አለቃ የነበረ፣ ኋላ በአስቄጥስ ገዳም መንኩሶ ለብዙዎች አባት የሆነ ጻድቅ ነው። መታሰቢያውንም ሰኔ 24 ቀን እናከብራለን። የእርሱ መለወጥ የአንድ ቀን ሥራ አልነበረም። ከመነኮሰ በኋላም የቀድሞ ልማዱ ለብዙ ጊዜ ይዋጋው ነበር፤ በጦሩ በበረታበት ቁጥርም ወደ አባ ኤስድሮስ እየሄደ ሐሳቡን ይገልጥ ነበር። በሌሊትም እየተነሣ ውኃ ለመቅዳት አቅም ላጡ አረጋውያን መነኮሳት እየቀዳ ማሰሮአቸውን ይሞላላቸው ነበር። በሌሊት ሊሰርቅ ይወጣ የነበረ ሰው በሌሊት ውኃ ሊያድል መውጣቱን አስተውሉ። የሌሊቱን መንገድ እግሩ ያውቀዋል፤ የሚሄድበት ዓላማ ግን ተለውጧል።

ይህ አባት አንድ ወንድም በደል ሠርቶ ሊፈረድበት መነኮሳቱ በተሰበሰቡ ጊዜ ተጠራ። አሸዋ የሞላ ቀዳዳ ከረጢት በጀርባው ተሸክሞ መጣ። ምን እንደ ሆነ ሲጠይቁት፣ የገዛ ኃጢአቱ ከኋላው ሲፈስ ሳያይ በሌላው ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት። ራሱን ያረመ ሰው በሌላው ላይ እንዴት እንደሚራራ ከዚህ እንማራለን። በከተማችን ማረሚያ ቤት አጠገብ ስናልፍም ይህን ከረጢት እናስበው። በግንቡ ውስጥ ያለው ወንድማችን በደሉ ታውቆበት እንዲታረም ተቀምጧል፤ በውጭ ያለነው ደግሞ በደላችን ባይታወቅም ከመታረም ነፃ አልወጣንም። ጌታችን በመጨረሻው ቀን ታስሮ የተጠየቀ መሆኑን የሚነግረን በእነዚህ ወንድሞች ስም ነው (ማቴ. 25፥36)።

መሬቱን ማብላት

እንግዲህ ምን እናድርግ? ሽማግሌው ገበሬ ሁለት ነገር ነግረውናል፤ ለዛሬ መንቀል፣ ለከርሞ መሬቱን ማብላት።

ለመንቀል አስቀድሞ አረሙን በስሙ ማወቅ ይገባል። «ኃጢአተኛ ነኝ» ማለት እውነት ነው፤ ግን የአረሙን ስም አይናገርም። በማታ ጸሎት ጊዜ ጥቂት ዝም ብለን ቀኑን እንመልከተው፤ ዛሬ ማንን አቆሰልሁ? በየትኛው ቃል? ቃሉስ ከየትኛው ሥር ወጣ? ከዚያም ከሁሉ የበረታውን አንዱን ይዘን ወደ ንስሐ አባታችን እንሂድ። አንድ ሰው አገር ሙሉ አረም በአንድ ቀን ልንቀል ቢል በማለዳ ደክሞ ይመለሳል፤ ትልሙን ይዞ የሚያርም ግን ከዳር ይደርሳል። የንስሐ አባት የሚሰጠን ቀኖናም ልክ እንደዚህ ያለ ትልም ነው። ከስሩ ያልተነገረው ኃጢአት ግን አናቱ እንደ ተቀነጠሰ አረም ነው፤ ማሳው ለሁለት ቀን የጸዳ ይመስላል።

መንቀሉ ግን ብቻውን አይበቃም። ርኩስ መንፈስ ከወጣበት በኋላ ተጠርጎ ባዶ የቀረው ቤት ከቀድሞው የባሰ እንደ ሆነ ጌታችን አስተምሯል (ማቴ. 12፥43-45)። ፍሬ ያጣችውንም በለስ ባለቤቱ ሊቆርጣት ባለ ጊዜ፣ የአትክልት ጠባቂው ዙሪያዋን ሊኮተኩትና ፍግ ሊያደርግላት ጊዜ ለመነላት (ሉቃ. 13፥6-9)። ነፍስም እንዲሁ ትመገብ ዘንድ ይገባታል፤ በቃለ እግዚአብሔር፣ በጸሎት፣ ከሁሉም በላይ በቅዱስ ሥጋውና በክቡር ደሙ። ከነሐሴ 1 ጀምሮ የሚጾመው የፍልሰታ ጾም በአገራችን ማሽላ በሚታረምበት ወራት መዋሉ ደስ ያሰኘኛል። ገበሬው ጧት ኪዳን አድርሶ ማሳ ይወርዳል፤ ከማሳ ተመልሶ ለቅዳሴ ይቆማል። በሁለቱም ስፍራ ሥራው አንድ ነው።

በተነቀለውም ስፍራ ተቃራኒውን መትከል ይገባል። ሐሜተኛ የነበረ አንደበት ዝም ከማለት አልፎ ያማውን ሰው መልካም ነገር ፈልጎ ይናገር። ስስታም እጅ በየሳምንቱ ጥቂት ይስጥ። ቂም ያለበት ሰው ደግሞ፣ ልቡ ገና እሺ ባይል እንኳ፣ የዚያን ሰው ስም በጸሎቱ ይጥራ። «ሳላምንበት ባደርገው ግብዝነት አይሆንብኝም?» የሚል ይኖራል። ግብዝነትስ ሰው እንዲያይ ማድረግ ነው። ሊሆን የሚመኘውን መልካም ነገር በእግዚአብሔር ፊት የሚለማመድ ሰው ግን ደቀ መዝሙር ነው። ያን ጥያቄ የጠየቀኝን ወጣት የነገርሁት ይህንኑ ነበር፤ «ዛሬ መውደድ ባትችል፣ ዛሬ ስማቸውን በጸሎት መጥራት ትችላለህ።» ራሱን ዝቅ አድርጎ ብዙ ዝም አለ። እኔም ሌላ ቃል አልጨመርሁለትም፤ እንዲህ ያለው ዘር በሰው ችኮላ አይበቅልምና።

አንድ ነገር ልጨምር። ማሽላው ወተት ሲቋጥር በማሳው መካከል ማማ ይሠራል፤ ጠባቂው በማለዳ ወንጭፉን ይዞ ይወጣበታል። ግሪሳ ወፍ በመንጋ የሚመጣው ፍሬው ሲቃረብ ነውና። ባዶ ማሳ ላይ ወፍ አይወርድም። ስለዚህ መልካም ጠባይ ሲጀምረን ፈተናው ቢበዛብን አንደንግጥ፤ ትዕግሥትን በጀመርን ሳምንት የሚያስቆጣን ሰው ቢበዛ አንገረም። ወፉ የመጣው እሸት ቢያይ ነው። በዚያ ጊዜ ከማማው መውረድ አይገባም። ማማውም ጸሎት ነው፣ ወንጭፉም የጌታችን ስም ነው።

አምላካችን እግዚአብሔር የዘራውን መልካም ዘር በሁላችን ያጽናልን፤ ለይፋት ምድራችንና ለመላው አገራችን ሰላምን ይስጥልን፤ የሞቱብንን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን። የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም አማላጅነት፣ የቅዱስ ሙሴ ጸሊምና የቅዱሳን ሁሉ ጸሎት ከእኛ ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።